ሞረድ በቦርሳዋ የምትይዘው መምህርት

መምህርት ዝናሽ ማረፏን የሰማሁት ሊማሊሞ ላይ ነው። ከቆላው ወደ ደባርቅ ስንወጣ አንድ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ ቆሞ መንገዱን ዘግቶብን ነበር። ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲወሽቅ እኛ የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ወርደን ጥግ ጥጉን ቆመናል። ስልኬ ጠራ። የዝናሽ ታናሽ እህት ናት። “ሙላት፣ እህቴ አረፈችብኝ” አለችኝ። ቀብሩ በማግስቱ ዳባት እንደሆነ ነግራኝ ገና ሳልመልስላት ኔትወርኩ ጠፋ።

መታመሟን አውቅ ነበር፤ እንደማትድንም ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እያወቀውም አያምነውም። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ሐሳብ “ለየኔታ ክንፈ ማን ይነግራቸዋል?” የሚል ነበር። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት “አይዞህ ልጄ፣ አሁን ይከፈታል” እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መንገዱ መዘጋቱ አስለቅሶኝ መስሏቸው ነው። ዝናሽ ብትኖር ኖሮ ይሄን ስነግራት ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ዝናሽን ያወቅኋት ደባርቅ ዳር ባለ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ነው። እኔ የወርክሾፑ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ እሠራለሁ፣ እበይዳለሁ፣ በግቢው የተሰበረ ወንበር ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። እሷ የብረታ ብረት መምህርት ሆና ስትመጣ በዕድሜም በትምህርትም ስለምትበልጠኝ “አንቱ” ብዬ ተቀበልኳት። ጋቢዋን በሸሚዟ ላይ እንደደረበች ወርክሾፑን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ “አንቱ የምትለኝ ከሆነ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ብቻህን ልትጠርገው ነው። አንቺ በለኝና አብረን እንጥረገው” አለችኝ። ጠረግነው። ከዚያ ወዲህ አንቺ ብያታለሁ፤ ሞታም አንቱታው አይመጣልኝም።

አንድ አመል ነበራት። ያገኘችውን ነገር ሁሉ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትፍቃለች። የበር እጀታ፣ የሻይ ማንኪያ፣ የሚኒባስ ወንበር፣ የሰው የእጅ ሰዓት ሳይቀር ፍቃ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች። ጥፍሯ ካልበቃት ደግሞ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ ሞረድ ታወጣለች። ሞረዱ ከቁልፏና ከቫዝሊኗ ጋር ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ የግቢው ጥበቃ በፍተሻ አግኝቶት “መምህርት፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?” ቢላት “ለጥፍሬ” አለችው። ጥበቃው ሞረዱን አየ፣ ጥፍሯን አየ፣ ዝም ብሎ አሳለፋት። እኔም አዲስ ሰዓት የገዛሁ ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የዋልኩት።

ክፍል ውስጥ አጥብቃ የምታስተምረው ስለ ብረት ቆዳ ነበር። “ሰው ‘ይሄ ብረት ጠንካራ ነው?’ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ‘የቱ ጋ?’ በሉት። መሀሉ ሌላ ነው፣ ቆዳው ሌላ ነው” ትላቸዋለች ተማሪዎቿን። ከሁሉም ታይታኒየም የሚባለውን ትወዳለች፤ ስለ እሱ ስታወራ ግን ጎበዝ ልጇ ፈተና እንደወደቀባት እናት ትበሳጫለች። “ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ የሰው ገላ ይቀበለዋል። ምን ያደርጋል! ከሌላ ነገር ጋር ሲፋተግ አይችልም። ይላጣል፤ የተላጠው ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ደግሞ ዞሮ ራሱን ይፍቀዋል። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? ቆዳውን እናክመዋለን። በልኩ አግለን ብዙ ሰዓት ካቆየነው ከአየሩ ኦክስጅን ይጠጣል፤ የጠጣው ነገር ቆዳው ላይ ይጠነክርለታል። ሙቀቱ ከበዛበት ግን የጠጣውን ይተፋዋል።”

አንዱ ተማሪ “መምህርት፣ ደባርቅ ውስጥ ታይታኒየም የት አለና?” ሲላት “ይመጣል” አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

የመጣው በየኔታ ክንፈ እግር ነው። የኔታ ክንፈ ዳባት አጠገብ ባለ ደብር አቋቋም ያስተምራሉ። ከዓመታት በፊት የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ አንድ እግራቸውን ከጉልበታቸው በላይ አጥተዋል። ስሜንን ሊጎበኝ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በክራንች ቆመው ሲያዘምሩ አይቷቸው ኖሮ፣ አገሩ ሲገባ ጉልበቱ የታይታኒየም የሆነ እግር ላከላቸው። ሐኪሙ አርጅቶ ሥራ ከተወ በኋላ ግን መለዋወጫውን የሚልክ ጠፋ። ጎንደርም ወስደው ቢያሳዩት የዚህ ዓይነቱ እኛ ዘንድ አይገኝም ተባሉ።

ወርክሾፑ የገቡት አንድ ብርዳም ጠዋት ነው፤ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው የበሩን መቃን ይዘው፣ አሮጌ ክራንቻቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው። ዝናሽን ሲያዩ ቆም አሉ።

“አንቺ የቄስ ውብነህ ልጅ አይደለሽም?”

“ነኝ፣ የኔታ። እንደምን አደሩ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ማኅሌት ሲቆም ቁመቱ የሚጨምር ነበር የሚመስለኝ።”

“እርስዎንም አስታውስዎታለሁ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር የምሰማዎት፤ ሲያባርሩንም አስታውሳለሁ።”

የኔታ ሳቁ። አግዳሚው ላይ አስቀመጥናቸውና እግራቸውን ፈትተው ለዝናሽ ሰጧት። “ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ልጄ። የሥጋው አይደለም፣ ይሄኛው ነው። ሲሻው ይዞ አይለቅም፤ ሲሻው ለቆ ይጥለኛል። ባለፈው ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ መሀል ዘረጋኝ። ተማሪዎቼ ናቸው ያነሡኝ።”

“አመመዎት?”

“ሕመሙስ ምንም አይደል። ተማሪዎቼ ‘የኔታ፣ እርስዎ ይቀመጡና በቃል ይንገሩን’ ይሉኛል። ድጓውን ተቀምጬ አስተምረዋለሁ። አቋቋም እንዴት አድርጌ ተቀምጬ አስተምራለሁ? መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ እግር መቼ እንደሚሸሽ፣ ወገብ መቼ እንደሚዘም ከእኔ ገላ አይተው ነው የሚወስዱት። አሁን አንድ አንድ እያሉ እየተሰናበቱኝ ነው። አልፈርድባቸውም፣ ከጃናሞራ ድረስ በእግሩ የመጣ ልጅ የሚማረውን ይፈልጋል። ለጥምቀት ካልቆምኩ ጉባኤው ይፈታል።”

ይሄን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ተለውጦ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዝናሽ ጉልበቱን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ነገሩ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ማቀፊያው ታይታኒየም፣ በቀዳዳው የሚያልፈው ፒንም ታይታኒየም ነው። በሁለቱ መሀል የነበረችው ቀጭን ቀለበት ካለቀች ቆይታለች። ፒኑ መሀሉ ላይ ሰልሏል፣ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል መስሏል። ጥፍሯን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ፈቀችው፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

“የኔታ፣ ለጥምቀት ይቆማሉ” አለቻቸው።

ከጀርባዋ ሆኜ እግሯን ረገጥኳት። አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታኝ ነው። የኔታ ክራንቻቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ጮህኩባት። “ምን ተማምነሽ ነው እንዲህ ያለ ቃል የምትገቢው?”

“ቃል ካልገባሁ መቼ እጀምረዋለሁ?” አለችኝ።

መጀመሪያ ነገሩን እኔው ያዝኩት። ቀዳዳውን አስተካክዬ ክብ አደረግሁት፤ ከነሐስ አዲስ ቀለበት ቶርኖ ላይ አወጣሁለት፤ በታይታኒየሙ ፒን ፋንታ ጠንካራ የብረት ፒን አደረግሁለት። የኔታ አመስግነውን ሄዱ። እኔም ዝናሽን “አየሽ፣ ምድጃም ምንም አላስፈለገ” እያልኩ ስኩራራባት ሰነበትኩ። ብዙም ሳይቆዩ እያነከሱ ተመለሱ። ስንከፍተው ቀለበቴ ተፈጭቶ አልቋል፤ ታይታኒየሙ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ፒኑን አሻካራ አድርጎታል። ዝናሽ ከውስጡ በጣቷ የሆነ ቀይ ነገር ጠርጋ አወጣች። ከግሪሱ ጋር የተለወሰ፣ በጣም የላመ አፈር ነው። በሁለት ጣቷ እያሸች፣ “ይሄ የመንገድ አቧራ አይደለም። የመንገዱ እንዲህ አይልም” አለች።

እሑድ ዕለት ዳባት ሄደን አስቀደስን። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወደ ጸበሉ በኩል ሄዶ እምነት ይቀባል፤ ከጸበሉ ቦታ የተዛቀ፣ የተባረከ ቀይ አፈር። የታመመ ሁሉ ያመመውን ይቀባል፤ ራስ የሚያመው ግንባሩን፣ ሆድ የሚያመው ሆዱን። የኔታም ተራቸው ሲደርስ በእፍኛቸው ተቀበሉና ወደ ጥግ ወጣ ብለው ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉ። ከዚያ በስመ አብ ብለው እምነቱን የብረቱን ጉልበት ቀቡት። እንዲያው ላይ ላዩን አይደለም፤ ጣታቸውን መታጠፊያው ውስጥ እያስገቡ፣ አጥብቀው፣ በደንብ አድርገው ነው ያሹት።

ሳቄ አመለጠኝ። ዝናሽ በክርኗ ጎኔን ደቃችኝና ጠጋ አለቻቸው።

“የኔታ፣ ለምን ብረቱን ቀቡት?”

ጥያቄው ገርሟቸው ቀና አሉ። “የሚያመኝ እሱ ነዋ፣ ልጄ።”

“እውነትዎን ነው” አለቻቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ወደ መኪና መሳፈሪያው ስንሄድ እኔ አላስችለኝ አለ። “በቃ፣ ችግሩ ተገኘ! በአሸዋ እየሞረዱት ነው እኮ! አንድ ቃል ብትነግሪያቸው እኮ ያልቃል።”

“ምን ብዬ?”

“እምነቱን ሥጋዎትን እንጂ ብረቱን አይቀቡ ብለሽ ነዋ።”

ዝናሽ ፊቷን ወደ ደብሩ መለሰች። “አባቴ በመጨረሻ ቁስል ነበረበት። ሐኪሞቹ ‘እምነት አትቀባ፣ ይመረቅዛል’ አሉት። ልክ ነበሩ። እኔም ‘ተው አባ’ አልኩት። እሺ አለኝ። እስኪሞት ድረስ ባዶ መዳፉን ከቁስሉ በላይ ያንዣብብ ነበር፤ ሳይነካው። ያን እጅ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ብረት አይመረቅዝም፣ ሙላት። አልነግራቸውም። አፈሩን የሚችል ብረት እሠራለሁ።”

“ይሄማ እብደት ነው” አልኳት። እውነቴን ነው ያልኳት፤ ለሁለት ቀን ያህል አኩርፌያትም ነበር። እሷ ግን ኩርፊያ አይገባትም። በሦስተኛው ቀን የታይታኒየሙን አሮጌ ፒን በብረት መጋዝ ቆራርጣ፣ “ይሄ መሞከሪያችን ነው፤ ማቀፊያውን እንዳንነካው” ብላ አንዷን ቁራጭ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔም በበኩሌ ተደብቄ የቆዳ ሽፋን ሰፋሁና “አቧራ እንዳይገባበት” ብዬ ለየኔታ ሰጠኋቸው። ሽፋኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ “ተባረክ” ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ወርክሾፑ ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረችን። የመጀመሪያዋን ቁራጭ አስገብተን፣ ሙቀቷን ልክ አድርገን ጠበቅን። መብራት ሄደ። ደባርቅ መብራት ሲሄድ ደኅና ሁኑ አይልም፤ ሲመለስ ምድጃዋ እንደ ኩሬ ውኃ ቀዝቅዛለች። ቁራጯን አውጥታ በሞረድ ነካቻት፤ ሞረዱ ነከሳት፤ ቆዳዋ አልጠነከረም ማለት ነው። “እንደገና” አለች። እንደገና አደረግን፣ እንደገና ሄደ። ይቺን “እንደገና” የምትላትን ቃል ስትላት እጅጌዋን ትሰበስባለች፤ ድምፅ ሳታሰማ እጅጌዋን ስትሰበስብ ብቻ ካየሁም ተነሥቼ ምድጃዋን እከፍት ጀመር።

የኔታ በየሳምንቱ በክራንች ይመጡና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አያጣድፉንም። “ስንት ተማሪ ቀረዎት የኔታ?” ስትላቸው ብቻ “አሉ፣ አሉ” ይላሉ፤ ከአነጋገራቸው ማነሳቸው ይገባናል።

ጥምቀት ሲቃረብ ዝናሽ ተሳሳተች። መብራቱ ሳይሄድ ለመጨረስ ብላ ሙቀቱን ከፍ አደረገችው። ሲወጣ እንዴት ያምር ነበር! ነጣ ያለ ግራጫ፣ ልሙጥ ቆዳ። ሞረዱን አስቀመጥኩበት፣ ተንሸራተተ። ተቃቀፍን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ይዤላት ስገባ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ቁራጯን በጥፍሯ እየነካካች አገኘኋት። ያ የሚያምረው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተነሣ ነበር።

“ቸኮልኩ” አለች። “‘ሲበዛበት ይተፋዋል’ እያልኩ የማስተምረው እኔ አይደለሁ? ቸኮልኩ።” እጅጌዋን አልሰበሰበችም። ያን ቀን ብቻ ነው ተስፋ ስትቆርጥ ያየኋት፤ እኔም ፈራሁ። እሷ ካቆመች በዚያ ግቢ ውስጥ የሚቀጥል ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ሻይዋን ይዛ በር ላይ ወጣች። ጥበቃው ማለዳ የሚሞቃትን ፍም ሊያዳፍናት አመድ እየመለሰባት ነበር። ቀን ላይ ተመልሶ ሲገልጣት ቀይ ሆና ነው የምታገኛት፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ዝናሽ ሻይዋን እንደያዘች አየችው። ከዚያ ኩባያዋን መሬት አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች።

“ሙላት! ምድጃዋን እናዳፍናት!”

በምድጃዋ ዙሪያ በድንጋይና በጭቃ ግንብ ሠራን፤ ሽቦዋንና መቆጣጠሪያዋን ከውጪ አስቀረናቸው። በግንቡና በምድጃዋ መሀል ያለውን ክፍት ቦታ በአመድ ልንሞላው ነው። ይሄ ሁሉ አመድ ከየት ይምጣ? ዝናሽ ጆንያ ይዛ ደባርቅን ዞረች። ዳቦ ቤት ገባች፣ ጠላ ቤት ገባች፣ የማታውቀው ሰው ቤት አንኳኳች። “መምህርቷ አመድ ልትለምን ወጣች” ተብሎ ተሳቀብን። “አዎ፣ የተነፋ ይሁን፣ ፍም የሌለበት” ትላለች እሷ፣ ጆንያዋን ዘርግታ። ግማሹ የደባርቅ አመድ እኛ ወርክሾፕ የገባ ይመስለኛል፤ ለብዙ ጊዜ ሳስነጥስ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድም ምድጃዋ ቶሎ አትበርድም። መብራቱ እስኪመለስ ሙቀቷን አቅፋ ትቆያለች። በዝቅተኛው ሙቀት፣ ሳንቸኩል፣ ቁራጮቹን ሞከርን። ቆዳቸው ጠቆረ፣ አላማረም፤ ግን አልተላጠም። ዝናሽ በጥፍሯም በሞረዷም በቀይ አፈሩም እያሸች ፈተነቻቸው። ቻሉት።

የቀረው ዋናው ማቀፊያ ነው። እሱ አንድ ብቻ ነው። ከተሰነጠቀ ወይም ከጠመመ የኔታ እግር የላቸውም። ዝናሽ ይሄን ሳትነግራቸው አላስገባችውም።

“ከተበላሸ ሌላ የለንም፣ የኔታ።”

“አሁንስ አለን እንዴ?” አሏት።

አስገባነው። መብራት በመሀሉ ሄደ፤ መሄዱንማ ጠብቀነዋል። ዝናሽ ከመለኪያው ፊት አልተነሣችም። መርፌው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ እሷ ጋቢዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ታየዋለች። ብዙ ሳይወርድ መብራቱ ተመለሰ። ከምድጃዋ ሲወጣ ሞረዷን ለእኔ ሰጠችኝ። በቀዳዳው ውስጥ ሳብ አደረግሁት። መስታወት ላይ እንደሳብኩት ሆኖ ሸተት አለ።

“ስማው” አለችኝ። “ስማው እስቲ!”

አዲስ ጠንካራ የብረት ፒን አለስልሼ ገጠምኩበት። የኔታ እግራቸውን ካሰሩ በኋላ ጥቂት ተራመዱና መቋሚያቸውን እንድሰጣቸው ጠየቁ። ከዚያ እዚያው፣ በቶርኖውና በአግዳሚው መሀል፣ በለሆሳስ እያዜሙ ይዘሙ ጀመር። ተማሪዎቹ ማሽኖቻቸውን አጠፉ። የኔታ አንዱን እግር ሸሸት፣ ሌላውን ጠጋ፣ ወገባቸውን ወደዚህ፣ መቋሚያቸውን ወደዚያ። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፤ ምንም አላሰማም። ዝናሽ የልጅነት አጥሯ ላይ እንደተንጠለጠለች ሁሉ የቶርኖውን ጠርዝ ጨብጣ ታያቸዋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

ሲጨርሱ ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ እምነት አወጡ። ለመቀባት ጎንበስ አሉና ቆም ብለው ዝናሽን አዩዋት።

“ልቀባው፣ ልጄ?”

ለምን እንደጠየቋት አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ወዲያው “ይቀቡት የኔታ፣ ለእሱ ነው የሠራሁት” አለቻቸው። ቀቡት። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ያን ሁሉ ድካም በአፈር ሲያሹት ማየት አልቻልኩም።

ለጥምቀት ቆሙ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አዘመሩ፤ ዝናሽ ከሴቶቹ ጋር፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ሆነን ከታቦቱ ይልቅ አንድ ጉልበት ስናይ ዋልን። እግዜር ይቅር ይበለን። የሄዱት ተማሪዎች አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ አዳዲሶችም መጡ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ጉልበቱን እየከፈትን እናየዋለን። ፒኑን ለውጬለታለሁ፤ ማቀፊያው ግን ያው ነው፣ እምነቱም ያው ነው።

ዝናሽ ከታመመች በኋላ እህቷ ቤት ዳባት ነው የተኛችው። ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃት በጣም ከስታ ነበር። ጥፍሯ ግን አላረፈም፤ የአልጋውን ብረት ትፍቃለች።

“ጉልበቱስ?” አለችኝ፣ እንደምን ነህ ሳትለኝ።

“አለ። ምንም አልሆነም።”

“በጥፍርህ ነክተኸው ነው ወይስ በወሬ?”

“በጥፍሬ።”

“እሺ።” ዓይኗን ከደነች። ተኛች ብዬ ልነሣ ስል፣ “ፒኑን ደግሞ እኮ እናክመዋለን” አለችኝ። “በየጊዜው የምትለውጠው ለምንድን ነው? ይቺን በሽታ ልገላገልና። ገና ነው እኮ፣ ሙላት።” እንደማትገላገላት እሷም ታውቃለች። ሆኖም እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ የሌሊት ልብሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበው። ውጪ ወጥቼ ነው ያለቀስኩት።

የቀብሩ ዕለት ዳባት ስደርስ የኔታን የሚያረዳቸው ሰው አላስፈለገም ነበር። ከካህናቱ መሀል ቆመዋል። ፍትሐቱ ረጅም ነው፤ ፀሐዩም ይከራል። አንድ ዲያቆን መቀመጫ አምጥቶ ከኋላቸው አስቀመጠላቸው፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አዜሙላት። እኔ እንደ ልማዴ ጉልበቱን አያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልከዳቸውም።

አፈሩ ከለበሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ ለቅሶው ቤት መሄድ ጀመረ። የኔታ ግን ወደ መቃብሩ ተጠጉ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ ልደግፋቸው ሮጥኩ፤ አላስፈለጋቸውም። የብረቱ ጉልበት ድምፅ ሳያሰማ ታጠፈላቸው። ከላይ ከላዩ፣ ገና እርጥብ ከሆነው ቀይ አፈር በእፍኛቸው ዘገኑ።

“አንተ የቆዳውን ሽፋን የሰጠኸኝ ዕለት ገብቶኝ ነበር” አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። “አፈሩ እንደሚበላው። እንግዲያስ ልተወው ብዬ ቆረጥኩ። ግን እስቲ ምን ትለኛለች ብዬ ጠየቅኋት። ይቀቡት አለችኝ። አንድ ቀን እንኳ ተዉት አላለችኝም።”

እሳቸው ልብሳቸውን ገለጥ አደረጉና፣ ያን የመቃብሯን አፈር፣ በስመ አብ ብለው፣ ጣታቸውን መታጠፊያው ውስጥ እያስገቡ ቀቡት። አጥብቀው፣ በደንብ አድርገው አሹት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

“ይሄኛውስ ይበላው ይሆን?”

“አይበላውም፣ የኔታ” አልኳቸው።

መቋሚያቸውን ተከሉና፣ በሠራችላቸው ጉልበት ቀጥ ብለው ተነሡ።